ከሰሌን የወረደ ሰሊጥ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ እናኑ የጥራጊውን ጆንያ በአህያ አስጭና እንደወትሮዋ ወደ አደም ዘይት መጭመቂያ ሄደች። አደም በመተማ በኩል ተሻግሮ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረ፣ ቀልድ የማይጠፋው ሰው ነው። ዓይኗ የተሸፈነ ግመል ከዳሱ ሥር ትዞራለች፤ ግንዱ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ዘይቱም ቅጥን ብሎ ወደ ጣሳው ይወርዳል። አደም እጁን ጆንያው ውስጥ ሰደደና ያወጣውን ሰሊጥ መዳፉ ላይ ዘርግቶ አየው። እፍ አለበት። የሚበን ነገር እምብዛም አልነበረውም።

«እናኑ፣ ይኸ የናንተ ቆሻሻ ከነጋዴዎቹ ንጹሕ ሰሊጥ ይበልጣል እኮ» አላት። «የምትጠርጊው ወለል ነው ወይስ ጎተራ?»

እሷም ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከከንፈሯ አላለፈም። ዘይቱን ተቀብላ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ የምታስበው ይኼንኑ ነበር። ጥራጊው መስባቱን እሷም ካወቀች ሰንብታለች። የምትጠብቃቸው ልጆች ጠግበው ሲያንቀላፉ እያየች፣ ዘንድሮ እግዜር ሰጠን ብላ ዝም ብላ ነበር እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ካሉት የሰሊጥ መጋዘኖች በአንዱ፣ ከጎንደርና ከመተማ ቆላ የመጡ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ሰሊጥ ያበጥራሉ። እያንዳንዷ ሰሌኗን ትዘረጋለች፤ ከፊቷ ሰፌድና ወንፊት አለ፤ ጠጠሩንና ገለባውን ለይታ ንጹሑን ወደ ጆንያ ትመልሳለች። የቆየ ልማድም አለ፤ ሰሌኑ ላይ ያለው የባለመጋዘኑ ነው፣ ከሰሌኑ የወረደው ግን ጥራጊ ነውና የሴቶቹ ነው። ድሮ ጥራጊውን ለየራሳቸው ይካፈሉት ነበር። ልጆቻቸውንም አጠገባቸው ያስተኙ ነበር። በኋላ አንድ ሕፃን ሰሊጥ ትን ብሎት ሊሞት ለጥቂት ተረፈና ባለመጋዘኑ፣ ሐጁ፣ ልጅ የሚባል እንዳይገባ ከለከለ።

እናኑ ያኔ ከአበጣሪዎቹ አንዷ ነበረች። አቧራው ዓይኗን እየጎዳው፣ ጉልበቷም መቀመጡን እየጠላ መጥቶ ነበር። ባሏን ለሚሊሺያ ወስደውባት በዚያው ቀርቷል፤ ልጅ አልወለደችም። በሰባ ዓመተ ምሕረት ድንበሩን በገላባት ስትሻገር የያዘችው አንድ አንሶላና አንድ ድስት ነበር። እና «እኔ ልጆቹን ልያዝላችሁ» አለች። ሐጁ ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው ባዶ መሬቱ ጥግ ፈቀደላቸው፤ ሴቶቹ በአገዳና በአሮጌ ጆንያ ጥላ ሠሩ፤ የአገሩ ሰው ራኩባ ይለዋል። የልጆቹ ማዋያ ያ ሆነ።

ምን ይብሉ የሚለው ነው ያስቸገረው። መዋጮ እናዋጣ ያለች ነበረች፤ የሰማት ግን የለም። ምክንያቱም ከዚያ በፊት የዕድሩን ገንዘብ የያዘ ገሠሠ የሚባል ሰው፣ ሁሉ ያመነው፣ አንድ ጧት ወደ ፖርት ሱዳን እንደሄደ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ አንዲቱ ሴት በሌላዪቱ እጅ ላይ ሳንቲም አታኖርም። ዘመኑም አያስተማምንም ነበር፤ ጎረቤትሽ የተቃዋሚ ድርጅት ሰው ይሁን የደርግ ጆሮ በምን ታውቂዋለሽ። አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የዱቄት ወተት አምጥቶ ነበር፤ በኋላ ከተማ የተቀመጠ ስደተኛ አንረዳም፣ ወደ ካምፕ ግቡ ብሎ ተወው። ውሃ ሻጩ ዓርብ ዓርብ አንድ በርሜል በነጻ ይገለብጥላቸዋል፤ ጁማ ነው፣ ለነፍሴ ነው እያለ። የቀረው ጥራጊው ነው። ጥራጊ የማንም እጅ አልያዘውም። ማን አብዝቶ ማን አሳንሶ ሰጠ አይባልም። ስለዚህ ሁሉም ተስማሙና ጥራጊው በሙሉ ለልጆቹ ሆነ፤ እናኑ ትጠርገዋለች፣ ታነፋዋለች፣ አደም ዘንድ አስጨምቃ ዘይቱን በማሽላ ዱቄትና በስኳር ትለውጠዋለች። ከሚተርፈው ፋጉሎ ላይ ለፍየል ባለቤቶች ሰጥታ ወተት ትቀበላለች። ልጆቹ ጧት ሙቅ፣ ቀን ገንፎ ይበላሉ። ዓመታት እንዲሁ አለፉ።

አሁን ጥራጊው ሰባ። ጥራጊ ደግሞ በራሱ አይሰባም።

ቅዳሜ ጧት የመጋዘኑ ወኪል ሙዘይን ራኩባው ድረስ መጣ። ሙዘይን የአገሩ ሰው ነው፤ እንደ ሱዳን ልጆች እሷን «ሐቦባ» ይላታል፣ አያቴ ማለቱ ነው። አማርኛውንም ከሴቶቹ ለቅሞት ግማሽ ግማሹን ይናገራል። ያን ቀን ግን ሐቦባም አላላት። ሐጁ ወሬ ሰምቷል አላት። የሚመጣው ቅዳሜ ከቀትር ሶላት በኋላ ራሱ መጥቶ ጥራጊውን በእጁ ያያል። ሰሊጥ እየተሰረቀ ከሆነ ሴቶቹም ይወጣሉ፣ ራኩባውም ይፈርሳል። መታወቂያ የሌለው ሰው ከሥራ ከወጣ ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ አልነገራትም፤ መንገርም አያስፈልገውም። የአፈሳው መኪና ገበያ መሃል ቆሞ ሰው ሲጭን ሁሉም አይቶታል።

ሙዘይን ሲሄድ ጀርባውን እያየች አንድ ሐሳብ መጣባት። ምናልባት ሰሊጡን ራሱ ያስደፋው ቢሆንስ? የእኅቱን ባል ዘመዶች ወደ ሥራው ማስገባት ይፈልጋል ሲባል ሰምታለች። ሴቶቹን ሌባ አሰኝቶ ለማስወጣት ከመካከላቸው አንዷን ገዝቶ ቢሆንስ?

ይኼን ባሰበች ጊዜ ሸጊቱ ዓይኗ ላይ ድቅን አለች።

ሸጊቱ ከአበጣሪዎቹ ሁሉ በኋላ የመጣች ናት። ሉሉ የምትባል፣ ገና መራመድ የጀመረች ልጅ አለቻት። አንድ ጊዜ የመጣሁት በሐምዳይት ድንበር ነው ትላለች፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ፋው ከሚባል ቦታ፣ ከጥጥ ለቀማ ነው ትላለች። ዓረብኛዋ እንደ ውሃ ነው። ባልሽ የት አለ ሲሏት አለ ብላ ትተወዋለች። እናኑ ሁለቴ ያህል ከሙዘይን ጋር በመጋዘኑ በር ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስታወራ አይታታለች፤ ሰው ሲመጣ ዝም ይላሉ። ሴቶቹም ያሟታል። የኤምባሲው ጆሮ ናት ያለችም አለች። እናኑ ወሬውን ግማሹን አላመነችውም፤ ግማሹ ግን ውስጧ ቀረ።

ሳምንቱን በሙሉ ስታያት ሰነበተች። ሸጊቱ ልጇን ጧት ስታስረክብ ድስቱን አጮልቃ ታያለች። ምን አየች? ማታ ስትወስዳት የልጇን ሆድ ትዳብሳለች። ጠግባ እንደሆነ ለማወቅ ነው፣ ወይስ ሌላ? እናት ሁሉ እንዲያ ታደርጋለች፤ እናኑም ሌላዋ ስታደርገው አትገረምም ነበር። የሸጊቱ ግን ሁሉም ነገር ሁለት መልክ ያዘባት።

ረቡዕ ማታ ሴቶቹ ሲወጡ እናኑ መጥረጊያዋን ይዛ ገባች። የእያንዳንዷን መቀመጫ ታውቀዋለች፤ ሸጊቱ የምትቀመጠው በሩ አጠገብ ከምሰሶው ሥር ነው። እሱን ብቻ ለይታ ጠረገችው። ከሰሌኑ ጠርዝ ሥር ንጹሕ ሰሊጥ፣ ጠጠር የሌለው፣ በወንፊት ያለፈ፣ እንደ ትንሽ ጉብታ ተከምሮ አገኘች። ይኸ ከሰፌድ ያመለጠ አልነበረም። በእጅ የተገፋ ነው። ተንበረከከችና ሰሊጡን በጣቷ እየበተነች ቆየች። ደስም አላት። ሰው የጠረጠረው እውነት ሲሆን የሚሰማው ዓይነት ደስታ ነው፤ ብዙም አይጥምም።

በማግሥቱ ሐሙስ ሸጊቱ ልጇን ይዛ ስትመጣ እናኑ በራኩባው መግቢያ ቆማ ጠበቀቻት። እናኑ ክፉ ቃል መናገር የማታውቅ ሴት ናት።

«ከዛሬ ጀምሮ ሉሉን ሌላ ቦታ አውያት» አለቻት። «ሥራውንም ብትተይው ይሻላል። ሙዘይን ምን እንዳለሽ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግ። የነዚህን ልጆች ጉሮሮ ግን አታስዘጊብኝ።»

ሸጊቱ ልጇን ከጀርባዋ አላወረደችም።

«ምን አገኘሽ?»

«ከሰሌንሽ ሥር ያለውን።»

«የሌሎቹንስ ጠረግሽ?»

እናኑ የሌሎቹን ያልጠረገችው ስላላሰበችው ነበር፤ ሊጠረግ የሚገባው አንድ ቦታ ብቻ መስሏት ነበር። ሸጊቱ ዞራ ሄደች። የሉሉ እግር ከአንቀልባው ሥር ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ነበር።

እናኑ ዕለቱን ለሴቶቹ ሸጊቱ ሥራ አግኝታ ሄደች አለቻቸው። ማንም አልጠየቀም። ሣህሊቱ ብቻ፣ ከገላባት ጀምራ የማትለያት፣ ጾም የማትሽር፣ ረቡዕና ዓርብ ውሃ እንኳ የምትቆጥብ ባልንጀራዋ፣ «እንኳን ሄደች» ብላ ሰፌዷን አንሥታ ወደ ሥራዋ ገባች።

ዓርብ መጋዘኑ ተዘግቶ ዋለ። ቅዳሜ ጧት እናኑ ልጆቹን ለአንዲት አራስ አደራ ሰጥታ ወደ መጋዘኑ ገባች፤ ሐጁ ሳይመጣ ወለሉን አስቀድማ ማየት ፈልጋ ነበር። ሴቶቹ ሥራ ላይ ናቸው። ማንም ቀና ብሎ አላያትም፤ መጥረጊያ ይዛ መግባቷን ለምደውታል። በበሩ ጥላ ውስጥ ቆመች።

መጀመሪያ ያየችው ሣህሊቱን ነው። ሣህሊቱ ጉልበቷ የደነዘዛት መስላ ተነቃነቀች፤ የሰሌኑን ጠርዝ በእግሯ አነሣች፤ በእጇ ጀርባ አንድ እፍኝ ገፋችና ጠርዙን መልሳ አለበሰችው። ዓይኗ ግን ጣራውን ነበር የሚያየው፣ ወፍ እንዳየ ሰው። ከሣህሊቱ ቀጥላ የተቀመጠችው ጥቂት ቆየችና ሣህሊቱ ጎንበስ ስትል እሷም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ከዳር ያለችው። ከዚያ ከወዲያ ማዶ ያለችው። አንዷ ሌላዋ እንዳታያት ጊዜ ትጠብቃለች። እናኑ ብቻ ሁሉንም አየች።

የሸጊቱ ቦታ ከምሰሶው ሥር ባዶ ነበር።

እናኑ መሃል ወለሉ ድረስ ሄደችና መጥረጊያዋን ጣለችው። ሴቶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ሰሌናችሁን አንሡ» አለች።

ማንም አላነሣም። ስለዚህ ወደ ሣህሊቱ ሄዳ ራሷ ጠርዙን ገለጠችው። ከዚያም የቀጣዪቱን። ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ ከያንዳንዷ ሥር አንድ ዓይነት ጉብታ አለ።

«አንቺም?» አለች ሣህሊቱን።

ሣህሊቱ ፊቷ ቀላ። «የሌላዋን አላውቅም» አለች። «እኔ የጣልኩት ልጄ የሚበላውን ያህል ብቻ ነው። ቢርበው ከማን እለምናለሁ?»

«እኔ ብቻዬን መስሎኝ» አለች ከዳር ያለችው፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ።

ሌላዋን ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ማንም አልሳቀላትም። እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ፤ አንዷ የሌላዋን ጉብታ በዓይኗ ትለካለች፤ ያንቺ ከኔ ይበልጣል የሚል ነገር ፊታቸው ላይ ነበር። ሙዘይን የገዛው ሰው አልነበረም። መዋጮ ለማውጣት እርስ በርስ መተማመን ያቃታቸው ሴቶች፣ እያንዳንዳቸው በስውር፣ በሰው ሰሊጥ እያዋጡ ኖረዋል።

እናኑ ቆማ ለመናደድ ጊዜ አልነበራትም። ሐጁ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ጥራጊውን ሁሉ ወደ መሃል ሰበሰበችና «አንፉት» አለች። «ንጹሑ ወደ ጆንያው ይመለስ። ለኛ አፈሩ ይቅር።»

«ልጆቹስ ነገ ምን ሊበሉ?» አለች ሣህሊቱ።

«የነገውን ነገ። ዛሬ ራኩባው ይቁም።»

ተቀመጡ። እናኑም ከዓመታት በኋላ ወንፊት ይዛ በሸጊቱ ቦታ ተቀመጠች። ሥራው ሲጋመስ በሩ ተከፈተና ሙዘይን ገባ። ቆመ። ከጥራጊው ክምር ወደ ጆንያው የሚመለሰውን ሰሊጥ አየ፤ የያንዳንዷንም እጅ አየ። እናኑ አሁን አለቀልን አለች በልቧ። እሱ ግን ተመልሶ ወጣና በሩን ከውጭ ዘጋው። ይኸ ደግነት ይሁን፣ ወይስ ሴቶቹ ሲያፈሱ የት ነበርክ እንዳይባል ለራሱ ፈርቶ፣ እናኑ እስከ መጨረሻው አላወቀችም። ከበሩ ውጭ ቆሞ ሲያስል ግን ይሰማቸው ነበር።

ሐጁ ነጭ ጀላቢያውን ሰብስቦ ሲገባ መሃል ወለሉ ላይ ያገኘው ትንሽ የገለባና የጠጠር ክምር ነው። ጎንበስ ብሎ ዘገነና እፍ አለበት። ከእጁ ላይ የቀረው ጥቂት የተሰበረ ፍሬ ነበር። ጣቶቹን አራገፈ። «ይኼን ፍየል እንኳ አትበላውም» አለ፤ ከዚያም ሙዘይንን በጥርጣሬ አየው፣ ይኼን ወሬ ያመጣህልኝ ምን ፈልገህ ነው የሚል አስተያየት። ሙዘይን መሬት መሬቱን አየ። ሐጁ የሴቶቹንም ፊት አንድ በአንድ አየና ወጣ። ያመናቸው አይመስልም፤ ግን የሚይዘው ነገር አላገኘም።

እሑድ ሙቁ ቀጠነ። ሰኞ ከዚያም ቀጠነ። ልጆቹ ጣሳቸውን ደጋግመው ላሱ። ማክሰኞ ማታ እናቶቹ ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ እናኑ አስቀመጠቻቸውና፣ ከእንግዲህ በየሳምንቱ እያንዳንዷ ከገዛ ቤቷ አንድ ጣሳ ዱቄት ታምጣ አለቻቸው፤ በግልጥ፣ ሁሉም እያየ። በሐሳቡ ማንም አልተቃወመም። ማን ይያዘው ሲባል ግን ያው የጥንቱ ጥርጣሬ መጣ። አንዷ ገሠሠንም አምነነው ነበር አለች። ሌላዋ ሣህሊቱን በዓይኗ ሸነቆጠቻት፤ የሣህሊቱ ጉብታ ከሁሉም ይበልጥ እንደነበር ማንም አልረሳም። እናኑስ ብትይዘው? ይኼን የጠየቀ አልነበረም፤ እሷም ለምን እንዳልተጠየቀ ገባት። ድስቱም ማንኪያውም በሷ እጅ ነው።

«ሸጊቱ ትያዘው» አለች።

ተንጫጩ። የት ሄዳ፣ ማን መሆኗስ ታውቆ? እናኑ ግን፣ ሁላችሁ ያደረጋችሁትን አድርጋ እሷን ብቻ አባረርኳት፣ ሥራ አገኘች ያልኳችሁም ውሸት ነበር፣ ዕዳዋን ከፍላለች አለች። ሣህሊቱ ከሁሉም ቀድማ እሺ አለች፤ ከኀፍረት ይሁን ከምን።

ሸጊቱን ያገኘቻት ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ከሻይ ቤት ጓሮ ብርጭቆ ስታጥብ ነው። ሉሉ ወገቧን በጨርቅ ታስራ፣ ጨርቁ ከጠረጴዛ እግር ላይ ተቋጥሮ ነበር፤ እስከ ሐዲዱ እንዳትደርስ። ልጅቱ ጨርቁ እስከሚፈቅድላት ሄዳ ትቆማለች፣ ትመለሳለች። እናኑ ይኼን ስታይ ያዘጋጀችውን ንግግር ረሳችው። ጎንበስ ብላ ጨርቁን ልትፈታ ሞከረች።

«አትንኪው» አለች ሸጊቱ፣ እጇን ከውሃው ሳታወጣ። «ስትፈቺው ትሮጣለች።»

እናኑ ያየችውን ሁሉ ነገረቻት፤ ይቅርታም ጠየቀች። ሸጊቱ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ እየደፋች ሰማች። ከሙዘይን ጋር ስለምታወራው ነገር እናኑ አልጠየቀችም፤ ሸጊቱም አልነገረቻትም። ስለ ዱቄቱ ስትሰማ ግን ቀና አለች።

«ብቻዬን አልይዝም» አለች። «ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው። አንዱ በኔ፣ አንዱ ባንቺ። ያለኔ አትከፍቺም፣ ያላንቺ አልከፍትም። አንቺ ስትሰፍሪ እኔ አያለሁ፤ እኔ ስሰፍር አንቺ ታያለሽ። ከዚያ ወዲያ ማናችንም ሰሌን ገልጠን አንፈልግም።»

እንዲሁ ሆነ፤ ሸጊቱም ሉሉን ይዛ ወደ ራኩባው ተመለሰች። ከገበያ አሮጌ የቆርቆሮ ሣጥን ተገዛ፤ አንጥረኛው ሁለት የቁልፍ ማያዣ በየዳሩ አበጀለት። ሐሙስ ሐሙስ ሴቶቹ ጣሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጣሳው መሙላቱን አንዷ የሌላዋን በዓይኗ ትከታተላለች፤ የጎደለ ካለ ሳይነገር ይሞላል። እናኑ ቁልፏን በክር አንገቷ ላይ፣ ከማተቧ ጋር አሰረችው። ሸጊቱ የት እንደምታኖረው ለማንም አላሳየችም። ጧት ጧት ሁለቱ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብለው፣ አንዷ ስትሰፍር ሌላዋ ጣቷን እያየች፣ ያለ ብዙ ወሬ ያበስላሉ። ሙቁ እንደ ሰሊጡ ዘመን አልወፈረም፤ አልቀጠነምም።

በክረምቱ መግቢያ እናኑን ወባ ጣላት። አንድ ጧት መነሣት አቃታት። ፀሐይ ከፍ ስትል ሸጊቱ ሉሉን አዝላ በሯ ላይ ደረሰች፤ ልጆቹ እያለቀሱ ነው፣ ቁልፉን ስጪኝ አለቻት። እናኑ ክሩን ከአንገቷ ለማውጣት ጊዜ ወሰደባት። ማተቧና ቁልፉ ተጠላልፈው ነበር። አውጥታ ሰጠቻት፤ ሸጊቱም ተቀብላ ሄደች።

እናኑ ተመልሳ ተጋደመች። ጣራውን አየች። ልጆቹ ይበላሉ፣ ጥሩ ነው አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ዱቄቱ ትናንት ከሣጥኑ ጠርዝ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደነበር አስታወሰች። ጋቢዋን ተከናንባ ተነሣች። ግድግዳ ግድግዳውን እየተደገፈች፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ራኩባው ደረሰች።

ሸጊቱ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱም ቁልፎች ጭኗ ላይ ናቸው። ሣጥኑ አልተከፈተም፤ እሳቱ ግን ተያይዞ ውሃው መፍላት ጀምሯል።

«ምነው አልከፈትሽውም?» አለች እናኑ።

«እንደምትመጪ አውቄ ነዋ» አለች ሸጊቱ። ከሣጥኑ ላይ ተነሣችና ለበሽተኛዋ ቦታ ለቀቀችላት። «በይ እዚህ ተቀመጪና ስሰፍር እዪኝ።»